አንቂት በየጆካ ሸንጎ ፊት

የጆካ ከሰባት ቤት ጉራጌ ቤቶች ሁሉ በላይ የሚሰየም ባህላዊ ሸንጎ ነው። የቃቄ ወርድወት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቤቱታዋን ለዚሁ ሸንጎ እንዳቀረበች በቃል ታሪክ ይነገራል። የተቃወመችው አንቂትን ነው፤ ይኸውም ባል ከእርግማን ካልፈታት በቀር ከእሱ የተለየች ሚስት ሌላ እንዳታገባ የሚያግደውን ሥርዓት። ክልከላው ከአንድ ቤት ያለፈ ስለነበር የአንድ ቤት ዳኝነት አይበቃትም ነበር። ይሁንና በሸንጎው የሚፈርዱት ወንዶች፣ ማለትም የአንቂት ተጠቃሚዎች ነበሩ። የፓን አፍሪካ ፓርላማ መሥራች ፕሮቶኮል እንኳ ከየአገሩ 5 አባላት ቢያንስ 1 ሴት እንድትኖር ይጠይቃል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 በጋብቻና በፍቺ እኩልነትን ደንግጎ ባህላዊ ዳኝነትን በተከራካሪዎች ፈቃድ ላይ አቁሞታል። በወልቂጤ የምትኖር ሴት መደበኛውን ፍርድ ቤት መምረጥ ትችላለች፤ እርግማንን እየፈራች የምትሰጠው ፈቃድ ግን ፈቃድ መባሉ ያጠራጥራል።