ዲስክን ፎርማት ከማድረግ በፊት፦ የስርዓተ ክወና ምትኬ አያያዝና ማረጋገጫው

ሰነዶችን ብቻ መቅዳት የስርዓተ ክወና ምትኬ አይሆንም። ማስነሻ ፕሮግራሙ፣ የዲስኩ ክፍልፋይ ሠንጠረዥ፣ የተጫኑ ሶፍትዌሮችና ቅንብሮቻቸው በዚህ መንገድ አይተርፉም። ለተመራማሪ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ትንታኔው የተሠራበት የሶፍትዌር ስሪት ከጠፋ ውጤቱን ደግሞ ማሳየት ያዳግታል።

ስለዚህ ተመራጩ ዘዴ የዲስኩን ሙሉ ምስል መውሰድ ነው። ስርዓቱ በሥራ ላይ ሳለ ፋይሎች ስለሚለዋወጡ፣ ኮምፒዩተሩን እንደ ክሎንዚላ ባለ ከፍላሽ በሚነሣ ነጻ መሣሪያ አስነሥቶ ምስሉን በሌላ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይገባል። መቀበያው ዲስክ በፋት32 የተዘጋጀ ከሆነ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ሊሞላ ስለማይችል ምስሉ ተከፋፍሎ መቀመጥ አለበት። ዋናው ዲስክ በቢትሎከር የተመሰጠረ ከሆነም ባለ 48 አሃዙ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ አስቀድሞ በሌላ ስፍራ ይመዘገባል።

በቀላሉ የሚዘለለው ደረጃ ማረጋገጥ ነው። የሻ-256 አሻራ መመሳሰል ቅጂው እንዳልተለወጠ ያሳያል፤ ኮምፒዩተሩ ከእርሱ እንደሚነሣ ግን አያረጋግጥም። ይህን የሚያረጋግጠው ምስሉን በትርፍ ዲስክ ላይ መልሶ፣ ከዚያ ማስነሣት ብቻ ነው። ፎርማት የማድረጉ ተራ ከዚህ ሙከራ በኋላ ይመጣል።