ፖለቲካን አነጻጽሮ ማጥናት፦ «ሕዝቡ እንዲህ ነው» ማለት ለምን መልስ አይሆንም?



በአርሂባ ስለ አገሩ ፖለቲካ የማይከራከር ሰው ጥቂት ነው። ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ «የእነሱ ሕዝብ እንዲህ ነው፤ የእኛ ሕዝብ እንዲያ ነው» በሚል ቃል ይዘጋል። ይህ አባባል መልስ የሚመስል እንጂ መልስ እንዳልሆነ በሦስት አገሮች ምሳሌ እናያለን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ/ ጥያቄው አንድ ይሁን። አገሮችን ለማነጻጸር ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ማቅረብ ያስፈልጋል። የአንዱን አገር ሕግ ከሌላው አገር ኑሮ ጋር ማወዳደር ጤፍን በሜትር እንደ መለካት ነው። የዛሬው ጥያቄያችን «በ1980ዎቹ የአንድ ፓርቲ አገዛዝ ለምን ሰፈነ? ከ1991 ወዲህስ ለምን ተለወጠ?» የሚል ነው።

2ኛ/ በመጀመሪያ ሐቁን መደርደር። በ1977 ነጻ የወጣችው ጂቡቲ በ1981 ከገዢው ፓርቲ በቀር ሌላ ፓርቲ እንዳይኖር በሕግ ወሰነች። ኬንያ በ1982 እንዲሁ አደረገች። በኢትዮጵያ ኢሠፓ በ1984 ተመሠረተ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም የፓርቲውን መሪነት አጸና።

3ኛ/ ግምትን መፈተን። «የአንድ ፓርቲ አገዛዝን ያመጣው ሶሻሊዝም ነው» የሚሉ አሉ። ኢትዮጵያን ብቻ ካየን እውነት ይመስላል። ነገር ግን ጂቡቲ የፈረንሳይ፣ ኬንያም የእንግሊዝና የአሜሪካ ወዳጅ ነበሩ። ስለዚህ ሶሻሊዝም ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

4ኛ/ ያልተለወጠ ነገር ለውጥን አያስረዳም። በ1991 የኢትዮጵያ መንግሥት ወደቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኬንያ ብዙ ፓርቲ ፈቀደች። ጂቡቲም በ1992 በሕዝበ ውሳኔ እስከ አራት ፓርቲዎች ፈቀደች። ሕዝቡ ግን በ1985ም ሆነ በ1992 ያው ሕዝብ ነበር። ምክንያቱ የሕዝብ ባሕርይ ቢሆን ኖሮ ምንም ባልተለወጠ ነበር።

እንግዲህ የተለወጠውን እንፈልግ። የጦር መሣሪያ ትግል ነውን? በኢትዮጵያ ነበር፤ በጂቡቲም ፍሩድ በ1991 መጨረሻ ተነሥቷል። በኬንያ ግን እንዲህ ያለ ጦርነት ሳይኖር ለውጥ መጣ። በሦስቱም ላይ የምናገኘው የቀዝቃዛው ጦርነት ማብቃት ነው። ሶቪየት ኅብረት ለኢትዮጵያ የምትሰጠውን ድጋፍ ቀነሰች፤ ፈረንሳይ ከ1990 ጀምሮ የአፍሪካ ወዳጆቿን ወደ ብዙ ፓርቲ ገፋች፤ ለጋሾችም በ1991 ለኬንያ አዲስ እርዳታ አቆሙ። ይህ ግምት እስካሁን ፈተናውን አልፏል። ቢሆንም ሁሉንም ነገር አያስረዳም፤ በኢትዮጵያ ገዢው ወደቀ፤ በጂቡቲ ገዢው ፓርቲ በሥልጣን ቆየ፤ በኬንያም ካኑ እስከ 2002 ገዛ።

ይህ ትምህርት ለስደተኛ ቅንጦት አይደለም። «ልመለስ ወይስ ልቆይ?» ብሎ የሚጨነቅ ሰው በየቀኑ ወሬ ይሰማል፤ ወሬውን የሚመዝንበት ሚዛን ያስፈልገዋል። ችግርን ሁሉ በሕዝብ ባሕርይ የሚያሳብብ ሰው መፍትሔ አያገኝም፤ የሚያተርፈው ጎረቤቱን መጥላት ብቻ ነው። ምክንያቱ የሰው ሥራ መሆኑን ያወቀ ግን በሰው ሥራ ሊቃና እንደሚችልም ይረዳል።

መልመጃ፦ በኢትዮጵያ መንግሥቱ ሲወድቅ በጂቡቲና በኬንያ ገዢዎቹ ፓርቲዎች ለምን ቆዩ? ሁለት ምክንያቶች ጻፉ። እያንዳንዱን በሦስቱም አገሮች ላይ ፈትኑት፤ በአንዱ ላይ የማይሠራ ከሆነ ሳታፍሩ ሰርዙትና ሌላ ፈልጉ። ከጓደኛ ጋር ሆናችሁ ብትሠሩት ይበልጥ ትጠቀማላችሁ።