ሰንጠረዥን በኮምፒዩተር እንደ ገና ስለ መሥራት

በዚህ ጽሑፍ ለተማሪዎች ጓደኞቻችን ልናስረዳ የምንፈልገው፥ አንድ የቈየ ጨዋታ በወዳጆቹ እጅ እንደ ገና ሲሠራ ምን ሊጠበቅ፥ ምንስ ሊለወጥ እንደሚገባ ነው። የምንመረምረውም ጨዋታ የአባቶቻችን ሰንጠረዥ ነው። (የታሪኩ ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

1. የወዳጆች ሥራ

በውጭ አገር የቪዲዮ ጨዋታ ወዳጆች በልጅነታቸው የወደዱትን ጨዋታ ያለ ደመወዝ እንደ ገና ሲሠሩ ይታያል። ለምሳሌ ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በ1998 ያወጣውን ሃፍ ላይፍ የተባለ ጨዋታ ወዳጆቹ ብላክ ሜሳ ብለው አድሰው በ2012 በነጻ አቀረቡት፤ የመጨረሻው ክፍል ተጨምሮበት ሥራው በሙሉ የወጣው ግን በ2020 ነው። ኩባንያው አልከለከላቸውም፤ እንዲያውም እንዲሸጡት ፈቀደላቸው። በአንጻሩ በ1991 የወጣውን ሁለተኛውን ሜትሮይድ አንድ የአርጀንቲና ሰው ብዙ ዓመት ደክሞበት በ2016 ቢያወጣው፥ የጨዋታው ባለቤት ኒንቴንዶ ወዲያው ከኢንተርኔት እንዲነሣ አደረገ።

እንግዲህ ፍቅር ብቻውን የባለቤትን መብት አያስቀርም ማለት ነው። በአገራችንም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተርን ፕሮግራም ይጠብቃል። ሰንጠረዥን ግን የእኔ ነው የሚል ኩባንያ የለም፤ የሁላችን ርስት ስለ ሆነ ፈቃድ ሳንጠይቅ ልንሠራው እንችላለን። ይሁን እንጂ የሚከለክል ባለቤት የሌለው ነገር፥ ተበላሸ ብሎ የሚከራከርለትም የለውም። ከባዱም ነገር ይኸው ነው።

2. ጨዋታው በታሪክ

ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ በትግራዩ በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ጽፏል። ከእርሱም በኋላ ዋልተር ፕላውደን መጣ። ይህ ሰው የእንግሊዝ ቆንስል ሲሆን፥ መናገሻቸውን ደብረ ታቦር ካደረጉት ከራስ ዓሊ ጋር በ1849 ውል የተዋዋለ ነው። እርሱ በ1860 ቢሞትም በ1868 በታተመው መጽሐፉ ስለ ጨዋታው ገልጿል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 የሰንጠረዥን ታሪክና ሕግ ሰብስበው በአዲስ አበባ በሚታተመው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት አውጥተዋል።

3. ሕጉ

ገበታው 64 ቤት አለው፤ ቤቶቹ ግን እንደ ቼዝ ጥቁርና ነጭ አይደሉም፤ በአንድ ዓይነት ቀለም ጨርቅ ላይ በመስመር ብቻ ይለያሉ። ንጉሥ ወደ ሁሉም አቅጣጫ አንድ ቤት ይሄዳል። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል በሰያፍ ዘሎ ሁለተኛው ቤት ላይ ያርፋል። ፈረስና ደር እንደ ቼዝ ፈረስና ግንብ ናቸው። መደቅ አንድ ቤት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሲገድል ግን በሰያፍ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ከጥንቱ የፋርስና የዐረብ ሸጥራንጅ ብዙም አይለይም። የእኛን ሰንጠረዥ የእኛ የሚያደርገው ወረራ ነው። ይኸውም በመጀመሪያ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፥ እያንዳንዱ በፈለገው ፍጥነት፥ የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ ሠራዊቱን ያሰልፋል፤ ያልወደደውንም መልሶ ይለውጣል። ከሁለት አንዱ የመጀመሪያውን ሲገድል ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ በተራ ነው።

4. የፕሮግራሙ ችግር

ፕሮግራም ጸሓፊ ተማሪ በመጀመሪያ የሚያስበው ምንድን ነው? የተዘጋጀ የቼዝ ፕሮግራም ወስዶ የሁለቱን ጠጠሮች አካሄድ መለወጥ ነው። ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል፤ ነገር ግን የቼዝ ፕሮግራም ሁሉ የተመሠረተው በተራ ላይ ስለ ሆነ፥ ወረራው ይቀራል። ያን ጊዜ የተሠራው ሸጥራንጅ እንጂ ሰንጠረዥ አይደለም። ከአያቶቹ ያልተማረው ልጅም በስልኩ ያየውን እውነተኛው ነው ብሎ ይቀበላል።

ወረራውን ለማስገባት ግን ሦስት ነገር መታሰብ አለበት።

ሀ) የመልእክት መዘግየት። አንዱ ተጫዋች በአዲስ አበባ፥ ሌላው ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ በገሳይ ተቀምጧል እንበል። የገሳዩ መልእክት 0.9 ሰከንድ፥ የአዲስ አበባው 0.1 ሰከንድ ይፈጃል። የገሳዩ ልጅ በ5.0 ሰከንድ ፈረስ ቢገድል መልእክቱ በ5.9 ይደርሳል፤ የአዲስ አበባው በ5.3 ፈረሱን ቢያሸሽ መልእክቱ በ5.4 ይደርሳል። መካከለኛው ኮምፒዩተር በደረሰበት ቅደም ተከተል ቢፈርድ ቀድሞ የገደለው ይበደላል። ስለዚህ የሁለቱ ሰዓት በመጀመሪያ ይስተካከል፤ እያንዳንዱ እርምጃ የተደረገበት ጊዜ ይጻፍበት፤ ፍርድም አንድ ሰከንድ ቈይቶ ይሰጥ።

ለ) የኮምፒዩተሩ ፍጥነት። ባላጋራው ራሱ ኮምፒዩተሩ ከሆነ፥ ሰው አንድ ጠጠር ሳያነሣ ሠራዊቱን ሁሉ ሊያሰልፍ ይችላል። ስለዚህ በሰው እጅ ልክ እንዲዘገይ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሐ) የአሸናፊነት ክብር። በቀድሞው ልማድ በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ ጥበብ የጐደለው ነበር፤ በደካሞቹ ጠጠሮች ትብብር ማሸነፍ ግን ያስመሰግናል። ፕሮግራሙ “አሸነፈ፥ ተሸነፈ” ብቻ ከማለት ይልቅ በየትኛው ጠጠር እንደ ተሸነፈ ይመዝግብ።

5. ማጠቃለያ

ሥዕሉ ቢያምር፥ ድምፅ ቢጨመር፥ ገበታው በስልክ መስተዋት ላይ ቢሆን ጨዋታው አይጐዳም፤ እነዚህ ልብሱ ናቸው። ወረራው ግን ሰውነቱ ነውና ሊነካ አይገባም።

ስለዚህ ይህን ሥራ የሚጀምር ተማሪ ኮምፒዩተሩን ከመክፈቱ በፊት ገበታውን በጨርቅ ላይ አስምሮ ከጓደኛው ጋር ይጫወት። በዕረፍትም ጊዜ በየአገሩ ያሉትን ሽማግሌዎች ጠይቆ የነገሩትን ከነአገሩ ስም ይጻፍ። ሕጉ ከቦታ ቦታ ቢለያይ አንዱን መርጦ ሌላውን አይጣል፤ ተጫዋቹ እንዲመርጥ ሁለቱንም በፕሮግራሙ ያስገባ። ፕሮግራሙንም ከነአሠራሩ ለሁሉ ክፍት ያድርገው፤ የተሳሳተ ቢገኝ የሚያውቅ ሰው ሊያርመው የሚችለው እንዲህ ሲሆን ነውና።