የናቡቴ የወይን ቦታና የእኛ ቤት

በብሉይ ኪዳን ስለ ቦታና ስለ ቤት ከተጻፉት ታሪኮች መካከል በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 የሚገኘውን የናቡቴን ታሪክ ያህል ለአዲስ አበባ ነዋሪ ቅርብ የሆነ ያለ አይመስለንም። ይህን ምዕራፍ ስናስተምር አብዛኛው አድማጭ የሚያስታውሰው የኤልዛቤልን ተንኮልና የሐሰት ምስክሮችን ነው። የታሪኩ መጀመሪያ ግን ይዘነጋል። ንጉሡ አክዓብ ወደ ናቡቴ በመጀመሪያ የመጣው ሰይፍ ይዞ ሳይሆን ካሣ ይዞ ነበር፤ በወይኑ ቦታ ምትክ ከዚያ የሚሻል ሌላ ቦታ፣ ወይም ተመጣጣኝ ዋጋውን በገንዘብ ሊሰጠው ፈቃደኛ መሆኑን ገለጸ። በገበያ ዓይን ሲታይ የሚያስነቅፍ ሐሳብ አልነበረም። ናቡቴ እምቢ ያለው ዋጋው ስላነሰው አይደለም፤ ቦታው የአባቶቹ ርስት ስለሆነ ነው። ንጉሡ የሚናገረው ስለ መሬት ስፋት ሲሆን ገበሬው የሚናገረው ስለ ዘር ሐረግ፣ ስለ መቃብርና ስለ አደራ ነበር። ከዚህ በኋላ የመጣው ግፍ ሁሉ የበቀለው ሁለቱ ሰዎች ስለ አንድ ቦታ በሁለት ቋንቋ በመነጋገራቸው ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይሆንም።

ወደ ራሳችን ሰፈር እንመለስ። ዛሬ «መርካቶ» ብለን የምንጠራው ስም ሙሉ አይደለም። ፋሽስት ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን በያዘበት ዘመን በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን ገበያ ለነጮች መኖሪያና መነገጃ እንዲለቀቅ አድርጎ የአገሩን ሰው ወደ ምዕራብ አወረደው፤ አዲሱንም ገበያ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» ማለትም የአገሬው ተወላጅ ገበያ አለው። ከጊዜ በኋላ «ኢንዲጄኖ» የሚለው ቃል ወድቆ «መርካቶ» ብቻ ቀረ። ቃሉ ቢረሳም ሐሳቡን መርሳት አይገባም፤ «ተወላጅ» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን የተነገረው ሰውን ለማክበር ሳይሆን ከገዛ ከተማው መሃል ለማስወጣት ነበርና። ስለዚህ ስለ ነባር ሕዝብ መብት በምንናገርበት ጊዜ ይኸው ቃል እንደ አያያዙ መድኃኒትም መርዝም ሊሆን እንደሚችል ከሰፈራችን ስም እንማራለን።

ቀጥሎ የመጣው ትልቅ ለውጥ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። በወር እስከ መቶ ብር የሚከራዩት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። በአዲስ ከተማ የሚገኙት የጭቃ ቤቶች በአብዛኛው የቀበሌ ሆኑ፤ ቀበሌም ያለ ብዙ ዝግጅት የድሃው ቤት አቅራቢ ሆነ። ጣራው ቢያፈስም፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ቢሆንም ኪራዩ የሚቀመስ ነበር። ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ዶርዜው፣ ኦሮሞው፣ አማራው በአንድ ግቢ በር ለበር ኖሩ፤ ዕድር ተመሠረተ፣ ዕቁብ ተጣለ። ይህ ዝምድና በማንኛውም መዝገብ ላይ ያልተመዘገበ ሀብት ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታና የመሃል ከተማ መልሶ ማልማት ይህን ሕይወት ለወጠው። የቀበሌ ቤቱ ሲፈርስ ተነሺው ወይ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይ ኮንዶሚኒየም ይሰጠዋል፤ ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ በአብዛኛው በከተማው ዳር፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ ይገኛል። እንግዲህ ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ጉልት ስትቸረችር የኖረች አንዲት እናት ወደዚያ ሄደች እንበል። ገበያዋ ርቋታል፤ ዕድሯ ተበትኗል፤ የትራንስፖርቱ ወጪ ከትርፏ ይበልጣል። በመስኮቷ ስትመለከት ግን ከሕንፃዎቹ ማዶ በቀረችው ቁራጭ ማሳ ላይ አንድ ሽማግሌ በሬ ጠምዶ ያርሳል። የእርሷ ቤት የቆመበት ቦታ የእርሱ ጤፍ የሚዘራበት ነበር። በዚህ ሥፍራ አክዓብ የለም፤ ሁለት ናቡቴዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እያንዳንዳቸውም ሌላውን እንደ ቀማኛ ሊያዩ ይችላሉ። የምንጽፈውም ስለዚህ ነው።

ስለ ገበሬው ካሣ ሕጉ ምን ይል ነበር? በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ ያለፉትን አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር አባዝቶ እንዲከፈለው ያዝዝ ነበር። ስሌቱ የተሠራው በሰብሉ እንጂ በመሬቱ አይደለም፤ መሬት የሕዝብና የመንግሥት እንጂ የሚሸጥ አይደለምና። ያው መሬት ለሊዝ ጨረታ ሲቀርብ የሚያወጣውን ዋጋ ገበሬው በጆሮው ይሰማ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ስሌቱን ያለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ ገቢ በአሥራ አምስት ተባዝቶ እንዲሆን አሻሻለው። ከዚህም በላይ ይህ አዋጅ በመነሣት ምክንያት ለሚቋረጥ ማኅበራዊ ግንኙነትና ለሞራል ጉዳት ካሣ እንደሚገባ መደንገጉን መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ እንዲያስተውሉት እንወዳለን። የአገር ሕግ የናቡቴን ቋንቋ በጥቂቱም ቢሆን መናገር ጀመረ ማለት ነው። በገንዘብ ተሰልቶ ያልቃል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ቂሙ ግን ከሕጉ መሻሻል በፊት ተጠራቅሞ ነበር። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት የኦሮሚያ ከተሞች ጋር የሚያቀናጀው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም በ2008 ዓ.ም. የብዙ ወጣቶች ሕይወት የጠፋበትን ተቃውሞ አስነሣ፤ ዕቅዱም በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ከ51 ሺህ በላይ ለሚሆኑ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ኮዬ ፈጬ የሁለት ወገን እንባ መገናኛ ሆነች። በአንድ በኩል ከ2005 ዓ.ም. ምዝገባ ጀምሮ፣ አንዳንዱም ከዚያ በፊት ጀምሮ፣ ከልጆቹ ጉሮሮ እየቀነሰ የቆጠበው የከተማ ነዋሪ፣ በሌላ በኩል የአባቱ ማሳ ሕንፃ የበቀለበት ገበሬና ልጁ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ንኡስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያላት ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅ፣ ዝርዝሩም በሕግ እንደሚወሰን ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ይናገራል፤ በ2009 ዓ.ም. ረቂቅ ቢቀርብም ሳይጸድቅ ቀርቷል። ቃል ከተገባ በኋላ የሚዘገይ ፍትሕ ከቶ ቃል ካልተገባበት ይልቅ እንደሚያቆስል የንስሐ አባት የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ማን ቀድሞ ሰፈረ የሚለውን ክርክር ለታሪክ ሊቃውንት እንተወዋለን፤ የቤተ ክርስቲያን መድረክ ለዚያ አልተሰጠም። ሆኖም ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን ስንል የቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎችን ስም እየጠራን መሆናችንን ስንቶቻችን እናስባለን? ዶዘሩ በመጣበት ቀን ማን ያርስ እንደነበር ለማወቅ ደግሞ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ጎረቤት መጠየቅ ይበቃል።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በአውስትራሊያ እንግሊዞች መሬቱን ባለቤት እንደሌለው ቆጥረው ይዘውት ነበር፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን አስተሳሰብ የሻረው እ.ኤ.አ. በ1992 በማቦ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ በዚያች አገር መሥሪያ ቤቶችና ኩባንያዎች፣ ከእነርሱም መካከል ለዝቅተኛ ገቢ ቤት የሚያቀርቡ የማኅበረሰብ ድርጅቶች፣ ከነባሩ ሕዝብ ጋር ስለሚያደርጉት ዕርቅ የጽሑፍ ዕቅድ አውጥተው ራሳቸውን ያስገድዳሉ። በስብሰባቸው መጀመሪያም የቦታውን ቀደምት ባለቤቶች በስም ያነሣሉ። ስም ማንሣት ብቻውን ቤት አይሠራም፤ አንዳንዶችም የአፍ ልማድ ሆኗል ብለው ይወቅሱታል፤ ወቀሳው ተገቢ ነው። ቤት አቅራቢው ለተከራዩ ብቻ ሳይሆን ቤቱ ለቆመበት ምድር ልጆችም ተጠያቂ ነው የሚለው ሐሳብ ግን ለአገራችን ቤት ሠሪዎችም የሚጠቅም ነው።

ቤተ ክርስቲያናችንም ከዚህ ጥያቄ ነፃ አልነበረችም። ነፍሳቸውን ይማርና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ወደ ካናዳ ተጉዘው፣ ክርስቲያኖች በነባሩ ሕዝብ ላይ ስለ ፈጸሙት በደል በራሱ በሕዝቡ ምድር ቆመው ይቅርታ ጠየቁ። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ወር ቅድስት መንበር የሌላውን ሕዝብ ምድር በ«ግኝት» ስም መያዝን ትክክል የሚያስመስለውን ትምህርት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም ስትል በይፋ አስተባበለች። በእኛም አገር የዕርቀ ሰላም ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1102/2011 ሲቋቋም ሰብሳቢነቱ የተጣለው በብፁዕ ካርዲናል ብርሃነየሱስ ሱራፌል ትከሻ ላይ ነበር። የኮሚሽኑ ዘመን አብቅቷል፤ የዕርቁ ሥራ ግን በየሰፈሩ ገና አልተጀመረም ቢባል ይቀላል።

ወደ አክዓብ እንመለስ፤ ብዙ ጊዜ የማይነበብ የምዕራፉ መጨረሻ አለና። ኤልያስ ከገሠጸው በኋላ አክዓብ ልብሱን ቀደደ፣ ማቅ ለበሰ፣ ጾመ። እግዚአብሔርም ቅጣቱን አዘገየለት። ነገር ግን የወይኑ ቦታ ለናቡቴ ወገኖች ተመለሰ የሚል ቃል በምዕራፉ ውስጥ አናገኝም። ዘኬዎስ ግን (ሉቃስ 19) ማንም ሳያስገድደው የበደለውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቆመ፤ ድኅነትም ወደ ቤቱ ገባ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2412 ስለ ተወሰደ ንብረት መመለስ ሲያስተምር ይህንኑ ዘኬዎስን ይጠቅሳል። በምሥጢረ ንስሐ ሐዘንና ኑዛዜ ያለ ካሣ ምሉዕ እንዳልሆኑ ሕፃናትን የምናስተምረውም ስለዚህ ነው።

ከመርካቶ የሄደችው እናት ግን የምትመልሰው የወይን ቦታ የላትም፤ ሌላ ጎጆ የላትምና። የካሣው ዕዳ ቤቱን በሠራው አካል ላይ ነው። ቤቱን የሚሠራ መሥሪያ ቤትም ሆነ ማኅበር ከመሠረት ድንጋዩ በፊት ገበሬውን በቋንቋው ቢያነጋግር፣ ለልጆቹ በዚያው ሠፈር ቤትና ሥራ ቢያስቀር፣ የመቃብርና የአምልኮ ሥፍራዎቹን ባይነካ የዕርቁ ግማሽ መንገድ በተጓዘ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ለተነሺ ገበሬዎች የጋራ መኖሪያ ቤት እንዲሰጥ ሲደረግ ዕጣ ጠባቂዎች ያሰሙት ቅሬታ የሚያስረዳንም ካሣ ከሌላ ድሃ ኪስ ሲወጣ ሌላ ቂም እንደሚወልድ ነው። እኛ ካህናትስ? በአዲሶቹ ሠፈሮች ለጸሎት ቤት፣ ለመዋዕለ ሕፃናት፣ ለክሊኒክ ቦታ ስንጠይቅ የይዞታ ማረጋገጫውን አንብበን የቀድሞውን ባለ ይዞታ ሳንጠይቅ የተረከብንበት ጊዜ የለም ለማለት አንደፍርም።

በዚህ ሩብ ዓመት ትምህርቱን የምትሰጡ መምህራን ሁለቱን ምዕራፎች በአንድ ሰዓት አታስተምሩ፤ የናቡቴን አንድ እሑድ፣ የዘኬዎስን በሚቀጥለው አድርጉት። በመካከሉ ባለው ሳምንት ተማሪዎቹ ወደ አንድ ነባር ነዋሪ ቤት ሄደው፣ ቢቻል በኦሮምኛ፣ ከሕንፃው በፊት ቦታው ምን ይባል እንደነበር ይጠይቁ። በእነዚያ ሠፈሮች ልጆቻችን የሚያውቁት የብሎክና የቤት ቁጥር ብቻ ነው። የወንዙንና የኮረብታውን ስም የሚያውቁ ሽማግሌዎች ግን ከግንቡ ማዶ አሁንም አሉ፤ ቡና የሚያፈሉትም በጠዋት ነው።