አምስተኛው ጎማ፦ ከአሽዶድ ወደ ነገቭ ለሚወርድ ፒካፕ ስኮርታ መምረጥና መሸከም

አርብ ከቀትር በኋላ የአሽዶድ ጎማ ቤቶች መዝጋት ይጀምራሉ። አዲስ አበባ ጎሚስታ የምንለው፣ እዚህ «ፓንቸሪያ» የሚባለው ቤት ሰንበት ከገባ እስከ ቅዳሜ ማታ በሩን የሚከፍትልዎ አይገኝም ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ግን ፒካፑን ጭኖ፣ ልጆቹን አሳፍሮ ወደ ነገቭ በረሃ የሚወርደው በዚያው ሰዓት ነው። ማክሰኞ ከተማ ውስጥ የተነፈሰ ጎማ ግማሽ ቀን ይወስድብዎታል፤ ቅዳሜ ጠዋት በረሃ ላይ የተቀደደ ጎማ ግን ከነቤተሰብ ያሳድራል። ስኮርታዎን ሲመርጡ ያንን ቅዳሜ እያሰቡ ይምረጡ። ቅርብ ቦታ ብቻ የሚያደርስ ጎማ አይበቃም፤ ከአራቱ እኩል የሚሠራ አምስተኛ ጎማ ያስፈልጋል።

ደረጃ 1፦ ጎማዎን ምን እንደሚጎዳው ይወቁ

ከአሽዶድ ደቡብ እስከ አሽቀሎን አቅጣጫ፣ በኒጻኒም በኩል፣ መሬቱ ለስላሳ አሸዋ ነው። አሸዋ ጎማ አይቆርጥም። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ አሸዋ ላይ ለመሄድ ንፋሱን ወደ 15 ወይም 18 ፒኤስአይ ዝቅ ሲያደርጉ፣ በፍጥነት ከታጠፉ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። በተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎች ደግሞ ምልክት ከተደረገበት መንገድ መውጣት ክልክል ነው።

ከቤርሳቤህ አልፈው፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚረዝመው ማክቴሽ ራሞን ሲወርዱ ነገሩ ይለወጣል። የነገቭ ፒስታ ላይ የተበተነው ባልጩት እንደ ምላጭ ስለታም ነው። በአራባ ሸለቆ የግራር እሾህ ይጨመርበታል። የጎማውን ጥርስ የወጋ እሾህ በመድፈኛ ይደፈናል፤ ጎኑን የቀደደ ባልጩት ግን መድፈኛ የለውም። የስኮርታ ዋና ሥራ ይኸው የጎን ቅዳጅ ነው።

ደረጃ 2፦ በጎማው ጎን የተጻፈውን ያንብቡ

ለምሳሌ 265/65R17 112S የሚለውን ይውሰዱ። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር በመቶኛ፣ 17 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። 112 አንድ ጎማ እስከ 1,120 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም፣ «ኤስ» ደግሞ በሰዓት እስከ 180 ኪሎ ሜትር እንደሚችል ይናገራል። የስኮርታው የክብደት ቁጥር ከአራቱ ማነስ የለበትም፤ ውኃ፣ ድንኳንና ነዳጅ የጫነ ፒካፕ ባዶውን ከሚሄደው እጅግ ይከብዳልና።

ደረጃ 3፦ ከስፋት ይልቅ ቁመትን ያመሳስሉ

አራቱን ጎማ ወደ ትልቅ ቀይሮ ስኮርታውን ከፋብሪካ እንደመጣ መተው የተለመደ ስህተት ነው። 265/65R17 ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 265/70R17 ደግሞ 803 ገደማ። የ27 ሚሊ ሜትር ልዩነት ለዓይን ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አጭሩ ጎማ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 14 ዙር ያህል አብልጦ መሽከርከር አለበት። በአብዛኛው ፒካፕ ላይ ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላው እኩል እንዲዞር ይገደዳል። አሸዋ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያቃልለዋል፤ አስፋልት ላይ ግን መንሸራተት ስለሌለ ጭንቀቱ በሙሉ በማርሹ ላይ ያርፋል።

የቸርኬ ቁጥር መለያየቱ ብቻውን ችግር አይደለም። 265/60R18 ቁመቱ 775 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከ265/65R17 ጋር ይቀራረባል። በቁመት የተለየ ስኮርታ የግድ ከሆነብዎ ከፊት ይሰኩት፤ የተቀደደው የኋላው ከሆነ ደህናውን የፊት ጎማ ወደ ኋላ ያዛውሩ። ከዚያ አስፋልት ላይ ፎር ዊል ሳያስገቡ ቀስ ብለው ይንዱ።

ደረጃ 4፦ ቸርኬው መግባቱን በዓይንዎ ይዩ

ከሌላ መኪና የተገኘ ቸርኬ ሲገዙ የብሎኑን ብዛት ብቻ አይቁጠሩ። ቶዮታ ሃይሉክስም ሚትሱቢሺ ኤል 200ም ስድስት ብሎን አላቸው፤ የብሎኖቹ ክብ ስፋትም ያው 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። የመሐል ቀዳዳው ግን ይለያያል፤ የሃይሉክሱ 106፣ የሚትሱቢሺው 67 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የሚትሱቢሺ ቸርኬ ሃይሉክስ ላይ አይገባም። አራቱ ቸርኬዎች አልሙኒየም ሆነው ስኮርታው ብረት ከሆነ ደግሞ ዳዶው በቅርጽ ሊለይ ይችላል። የብረቱን ዳዶዎች በከረጢት አድርገው ከስኮርታው ጋር ያኑሩ።

ደረጃ 5፦ ዕድሜውን ይቁጠሩ

በጎማው ጎን ላይ ካሉት ምልክቶች መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ። 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ስኮርታ ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል፤ ፀሐይና ሙቀት ላስቲኩን ያደርቁታል። ስድስት ዓመት ሲሞላው በየዓመቱ ያስመርምሩ፤ ዐሥር ከሞላው ጥርሱ እንደ አዲስ ቢሆንም ያስወግዱት። ከሁሉ የሚሻለው ግን እንዳያረጅ ማሠራት ነው፤ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ጎማ ሲያዟዙሩ ስኮርታውንም በዙሩ ያስገቡት። አምስቱም እኩል ያልቃሉ፣ ቁመታቸውም አይለያይም።

ደረጃ 6፦ የሚሸከሙበትን ቦታ ይምረጡ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ከነቸርኬው ወደ 30 ኪሎ የሚመዝን ነገር በፒስታ ላይ ሲንገጫገጭ ይህ ተረት እውነት ይሆናል።

ከሻንሲው ሥር፦ አብዛኛው ፒካፕ ከፋብሪካ የሚመጣው እንዲህ ነው። ክብደቱ ዝቅ ስለሚል መኪናው አይናወጥም። ነገር ግን መኪናው በሆዱ አሸዋ ላይ ከተቀመጠ ስኮርታውን ማውጣት አይቻልም። ለአሽዶድ ነዋሪ ሌላም ጣጣ አለ፤ ጨው ያዘለው የባሕር አየር ማንጠልጠያውን ሰንሰለት ያዝገዋል። በየሦስት ወሩ እስከ መሬት ያውርዱት፣ አሸዋውን ይጠቡ፣ ግሪስ ይቀቡት።

በጭነቱ ሳጥን ውስጥ፦ ለማውጣት ቀላል ነው፣ ድንጋይም አይነካውም። ቦታ ግን ይበላል። በገመድ ብቻ አይሰሩት፤ ከወለሉ ጋር በብሎን ወይም በጠንካራ የጭነት ቀበቶ ይያዝ። ድንገት ፍሬን ሲይዙ የሚወረወር ጎማ ሰው ይገድላል።

ከኋላ በር ወይም በተለየ ማንጠልጠያ፦ እጅዎ እንደልብ ይደርስበታል። ነገር ግን ለትንሽ ጎማ የተሠራ በር ትልቅ ጎማ ሲሰቀልበት ማጠፊያው ይሰነጠቃል። ታርጋውንና መብራቱን እንዳይሸፍንም ይጠንቀቁ። ማንጠልጠያ ከማስበየድዎ በፊት ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ይጠይቁ፤ አለዚያ ዓመታዊው ቴስት ላይ ያስቆምዎታል።

ከላይ በፖርቶ መጋላ፦ ሌላ ቦታ ሲጠፋ ብቻ። ክብደት ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መኪናው በገደል ጥግ ለመገልበጥ ይቀርባል። ያንን ጎማ ለብቻዎ ማውረድ መቻልዎንም ያስቡ።

ደረጃ 7፦ ደጃፍዎ ላይ ይለማመዱ

ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት አንድ ጎማ በገዛ እጅዎ ይቀይሩ። ሦስት ነገር ይገለጥልዎታል። አንደኛ፣ መኪናው ከፍ ተደርጎ ከሆነ የፋብሪካው ክሪክ አይደርስም። ሁለተኛ፣ በማሽን የጠበቀ ዳዶ በአጭር መፍቻ አይፈታም። ሦስተኛ፣ ስኮርታው ራሱ ንፋስ ላይኖረው ይችላል። ንፋሱን ከወትሮው ትንሽ ከፍ አድርገው ይሙሉት፤ በረሃ ላይ መቀነስ ቀላል ነው፣ መጨመር ግን መንፊያ ይፈልጋል። ከክሪኩ ጋር ወፍራም ጣውላ ይያዙ፤ ያለ እሱ ክሪኩ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል። ለማይቀየሩት ጎማዎች ታኮ አይርሱ። ከቀየሩ በኋላም 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው ዳዶዎቹን ደግመው ያጥብቁ።

ደረጃ 8፦ እሑድ ጠዋት

ስኮርታዎ በደህና አድርሶዎት ቅዳሜ ማታ አሽዶድ ቢገቡ ሥራው አላለቀም። አሁን አምስተኛው ጎማ ከአራቱ አንዱ ሆኗል፤ መኪናው ያለ ስኮርታ ነው የቆመው። የተቀደደውን ጭነቱ ላይ አይርሱት። እሑድ ፓንቸሪያው ሲከፈት ከሥራ በፊት ጎራ ይበሉ፤ የሚቀጥለው አርብ አምስት ቀን ብቻ ቀርቶታል።