ከቤት ውጭ የሚያድር ልጅና የወላጅ አደራ



በዚህ እትም ለጥናት ያቀረብነው ርእስ ከምንጭ ማጎልበትና ከችግኝ ተከላ ሥራ የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ባሉ አጥቢያዎች ከአሥራዎቹ ዕድሜ የደረሰ ልጅ ያለው ቤተሰብ፣ አንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ አንዳንዱም በየሳምንቱ የሚጋፈጠው ጥያቄ ነው፦ ልጄ ዛሬ ከቤቴ ውጭ ያድራል፤ የሚያድርበትን ቤት አውቀዋለሁን?

ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በችኮላ ነው። እናት እንጀራ እየጋገረች፣ አባት ከብት እያስገባ ሳለ ልጅቱ ደብተሯን ይዛ ከደጃፍ ትቆምና «እማዬ፣ መብራት የለም፤ ከጓደኛዬ ቤት አድሬ አጠናለሁ» ትላለች። ልመናው ስለ ትምህርት ስለ ሆነ መከልከል ያሳፍራል። «እሺ፣ ነገ በጊዜ ነይ» ተብላ ትሄዳለች። የጓደኛዋ ስም ይታወቃል። የጓደኛዋ አባት ማን እንደ ሆነ፣ በዚያች ሌሊት በቤቱ እነማን እንደሚያድሩ፣ ልጅቱ የምትተኛው በየትኛው ክፍል ከማን ጋር እንደ ሆነ ግን አይጠየቅም። መጠየቅ የሰውን ቤት እንደ መጠርጠር ይቆጠራልና።

ይህ ይሉኝታ ከመልካም ነገር የተወለደ መሆኑን አንክድም። እንግዳ ተቀባይነት በአገራችን ክብር ነው፤ ባለቤቱ መሬት ላይ ተኝቶ አልጋውን ለእንግዳ ይለቃል። ነገር ግን የቀደሙት አባቶቻችን ልጅን ከቤት ሲያወጡ እንዲህ በዝምታ አልነበረም። ልጁን ወደ አብነት ትምህርት ቤት የሚሰድ አባት እጁን ይዞ ከየኔታ ፊት ያቆመው ነበር። የኔታም የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ከየት አገር እንደ መጣ ይጠይቃሉ፤ አባትም «አደራ» ይላል። ያን ቃል እንደ ስድብ የቆጠረ መምህር አልነበረም። «አደራ» የሚለው ቃል ራሱ መጠየቅንና መጠየቅን መቀበልን ይዟል። ዛሬ ቃሉን አስቀርተን ልጁን ብቻ እየላክን ነው።

ለጥናታችን የምንወስደው ንባብ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ፍጻሜ ነው። ጌታችን በ12 ዓመቱ ከእመቤታችንና ከአረጋዊው ዮሴፍ ጋር ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም በወጣ ጊዜ፣ ሲመለሱ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። ከዚያም ከዘመድና ከወዳጅ መካከል ፈለጉት፤ ባጡትም ጊዜ ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሰው ከሦስት ቀን በኋላ በቤተ መቅደስ አገኙት። የምሥጢሩን ትርጓሜ ለመምህራን እንተዋለን። እኛ የምናስተውለው ከዘመድና ከጎረቤት ጋር አብሮ መጓዝ «ከእነርሱ ጋር ይሆናል» የሚል ግምት ማሳደሩን ነው። እንዲሁም ባጡት ጊዜ የጀመሩትን መንገድ አቋርጠው መመለሳቸውን፣ ባገኙትም ጊዜ እናቱ ጭንቀቷን ነግራ መጠየቋን ነው። የጠፋ ልጅ ሲገኝ በአብዛኛው ቤታችን የሚቀድመው ዱላ ነው፤ ጥያቄው ከዱላው በኋላ ይመጣል ወይም ጨርሶ አይመጣም።

የአገሪቱም ሕግ በዚህ ነገር ዝም አላለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ አካለ መጠን ያላደረሰ ነው፤ የሚኖርበትን ቦታ የመወሰንና ከማን ጋር እንደሚውል የመከታተል ሥልጣን የሞግዚቱ ማለትም በተለመደው ሁኔታ የእናትና የአባቱ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባትን ኃላፊ ያደርጋል፤ ልጁ ከቤተሰቡ ቤት ውጭ በሚኖርበት ጊዜ ግን ኃላፊነቱ በአደራ ወደ ተቀበለው ሰው ይዞራል። እንግዲህ አደራ በሕግም ዘንድ ስም አለው፤ ልጅ አስተናግዶ የሚያሳድር ሁሉ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

እስከዚህ የተናገርነው አባትና እናት ስላሉበት የጓደኛ ቤት ነው። በእንጅባራና በዳንግላ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ቤት አባትም እናትም የሌሉበት ነው። ከገጠር ቀበሌዎች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ከተማ የሚመጡ ልጆች ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ድንቹንና ሽሮውን፣ በርበሬውንና እንጀራውን ከቤት ያመጣሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ለስንቅ ይመለሳሉ። ወላጅ ይህን «ከቤት ውጭ ማደር» አይለውም፤ «ትምህርት ላይ ነው» ይላል። እውነቱ ግን ልጁ በ15 እና በ16 ዓመቱ የቤት አባወራ ሆኗል። የከተማው ልጅ ደግሞ «ጓደኛዬ ቤት አድራለሁ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደዚያች ክፍል ነው፤ ነጻ ናትና። ስለዚህ የከተማዋ እናት «ወላጆቹ ቤት አሉን?» ብላ ብትጠይቅ መልሱ «ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቀው» ሊሆን ይችላል።

በዚህች ክፍል ውስጥ ካሉ አደጋዎች አንዱን ለይተን በሰፊው እናነሣለን፤ በእጃችን ያለና በቀላሉ የሚገታ ሲሆን እምብዛም አይነገርለትምና። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ፣ የክረምቱም ጉም አጥንት ይሰብራል። በዙሪያዋ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ ተክሎ ከሰል ያከስላል፤ ከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ይጫናል። ለብዙ ቤተሰብ የደብተርና የቤት ኪራይ መክፈያው ይኸው ነው። ልጁም ወደ ከተማ ሲመለስ ከስንቁ ጋር አንድ ማዳበሪያ ከሰል ይሸከማል። ማታ ሽሮው ከተሠራ በኋላ ማንደጃው ከክፍሉ ውስጥ እንዳለ ይቀራል፤ በበሩ ሥር ያለው ክፍተት ብርድ እንዳይገባ በጨርቅ ይደፈናል፤ ጓደኞች የመጡ እንደ ሆነ አራትና አምስት ሆነው ይተኛሉ።

ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ብዙ ሰው ጭሱ ሲጠፋና ፍሙ ሲቀላ አደጋው ያለፈ ይመስለዋል፤ መርዙ ግን ከቀላው ፍምም ይወጣል። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው። ተኝቶ ያለ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ሊሞት ይችላል። በአንድ ክፍል ያደሩ ልጆች ሁሉም ጠዋት ራሳቸውን ካመማቸው ምክንያቱ ጉንፋን ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። እንዲህ ያለ ነገር ያገኘው ሰው ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር መውጣትና ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት፤ በወተትና በሎሚ ጊዜ ማጥፋት አይገባም። መከላከያው ቀላል ነው፦ ከሰሉ በደጅ ይቀጣጠል፤ ከመኝታ በፊት ማንደጃው ከነፍሙ ይውጣ፤ መስኮት ይከፈት። ብርዱን ለመመከት ልጁን ማዳበሪያ ከሰል ከማሸከም አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ መስጠት ይሻላል። ከሰል ሸጦ ብርድ ልብስ መግዛት ይቻላል፤ በተቃራኒው ግን የጠፋን ልጅ የሚመልስ የለም።

ሁለተኛው አደጋ ለመናገር የሚከብደው ነው። በልጆች ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ጥቃት አብዛኛውን ጊዜ ከማይታወቅ ወንበዴ ሳይሆን ከሚታወቅ ሰው ይመጣል፦ ከጓደኛ ታላቅ ወንድም፣ ከአጎት፣ ከአከራይ፣ ከእንግዳ። ወንዶች ልጆችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። «ቤቱ የደግ ሰው ቤት ነው» ማለት ጥያቄውን አያስቀርም። «የካህን ቤት ነው»፣ «የአገልጋይ ቤት ነው» ማለትም አያስቀረውም፤ ይህን ለራሳችን ለአገልጋዮቹ ደፍረን እንናገራለን። ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት ሲናገር በመጀመሪያ ማመን ይገባል። ሳይታጠብ፣ ልብሱም ሳይታጠብ፣ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነውና። ለፖሊስም ይነገር።

በዚህ ላይ አባቶች ካህናትን በትሕትና የምናሳስበው ነገር አለ። እንዲህ ያለው ነገር ሲፈጠር ሁለቱ ቤተሰቦች አስቀድመው የሚጠሩት ሽማግሌንና የንስሐ አባትን ነው፤ ካሣ ተቆርጦ፣ አልፎም «ያግባት» ተብሎ ነገሩ እንዲሸፈን ይፈለጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ 18 ዓመት ባልሞላው ልጅ ላይ የሚፈጸምን የግብረ ሥጋ ድርጊት ኃይል ባይጨመርበትም ወንጀል ያደርገዋል፤ ያለዕድሜ ጋብቻም ሌላ ወንጀል ነው። ስለዚህ «ፈቅዳ ነው» የሚለው ቃል ለሽማግሌው መውጫ አይሆነውም። እርቅ በሁለት ጎልማሶች መካከል የተነሣን ጠብ ያበርዳል፤ የአንዲትን ልጅ ጉዳት ለመሸፈን ግን አልተሰጠም።

ስለ መጠጥና ስለ ጫት፣ ስለ ስልክም ብዙ ስለ ተባለ አንደግመውም። በዓል ሲሆን ግን፣ በከተራ ሌሊት ወይም በእንጅባራ የአዊ ፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት በጥር 23 ሰሞን፣ ቤቱ ሁሉ በእንግዳ ይሞላል፤ ልጅ ማን ዘንድ እንደሚተኛ ባለቤቱም ላያውቅ ይችላል። በሰርግም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ወላጅ ምን ያድርግ? ሁሉን መከልከል መፍትሔ ነው ብለን አናምንም። የተከለከለ ልጅ ውሸትን ይማራል፤ የት እንዳለ የማይታወቅ ልጅ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለአደጋ የቀረበ ነው። ይልቁንስ የጓደኛው እናት ትጠራ፤ በአካል ካልሆነ በስልክ «እትዬ፣ ልጄ ዛሬ እናንተ ዘንድ ናት፤ አደራ» ትባል። ሲመሽ የሚተኙበት ክፍል፣ በቤቱ የሚያድረው ሰው፣ ጠዋት የሚመለሱበት ሰዓት ይታወቅ። መንገድ በድንገት በሚዘጋበት ወይም ስልክ በማይሠራበት ጊዜ ልጁ ወደ የትኛው ዘመድ እንደሚሄድ አስቀድሞ ይነገረው።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ከልጁ ጋር በምሥጢር የሚታወቅ አንድ ቃል ይኑር፤ ለምሳሌ «መጽሐፌን ረስቻለሁ» ብሎ ከደወለ በዚያ ቤት የማይመች ነገር አለ ማለት ይሆናል። አባት ሌሊትም ቢሆን ታማኝ ሰው ይዞ ሊያመጣው ይሄዳል፤ በዚያች ሌሊት ቁጣ የለም። ይህች ስምምነት የምትሠራው ልጁ «ከመጣሁ እመታለሁ» ብሎ የማይፈራ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ጠጥቶ ቢገኝ እንኳ ንግግሩ ለማግሥቱ ይቆይ።

የኪራይ ክፍሎቹን በተመለከተ አከራዮቹ ከአጥቢያችን ምእመናን ብዙዎቹ ናቸው። የሰበካ ጉባኤው በመስከረም ምዝገባ ጊዜ በአጥቢያው ተከራይተው የሚማሩ ልጆችን ስም፣ የመጡበትን ቀበሌና የወላጅ ስልክ ቢመዘግብ፣ መዝገቡም በጸሐፊው እጅ ተቆልፎ ቢቀመጥ፣ ልጆቹ በከተማው የንስሐ አባት ቢኖራቸው፣ ከገጠር ያለው ወላጅ በገበያ ቀን የሚጠይቀው ሰው ያገኛል። አከራይዋ እናትም ሲመሽ በሩን አንኳኩታ ማንደጃው መውጣቱን ብታይ ከጸሎቷ አያጎድልባትም።

በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችሁ በዚህ ርእስ ስትወያዩ በመጀመሪያ የሚከተሉትን እንድትቆጥሩ እንጠይቃለን፦ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ተማሪ የሚያድርባቸው የኪራይ ክፍሎች ስንት ናቸው? ከእነርሱስ የሚከፈት መስኮት ያላቸው ስንቶቹ ናቸው?