ምዕራፍ 7፦ «አጎቴ፣ ልቤ አለቀ»

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤታቸው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። አንድ እሁድ ከሰዓት ልጠይቃቸው ስሄድ በሩ ላይ ተቀበለችኝና ሰላም እንኳ ሳትለኝ «አጎቴ፣ ልቤ አለቀ» አለችኝ። ደነገጥኩ። ቀና ብዬ ሳያት የእናቷን ስልክ ይዛለች።

ጨዋታው «ፍሮዘን ፍሪ ፎል» ይባላል። ዲዝኒ «ፍሮዘን» የተባለውን ፊልም እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ለሲኒማ ሲያበቃ ጨዋታውንም በዚያው ሰሞን በነጻ ለቀቀው። ጎን ለጎን ያሉትን የበረዶ ቅርጾች ቦታ ያቀያይራሉ፤ ሦስት ተመሳሳይ ሲገጥሙ ይጠፉና ከላይ ሌሎች ይወርዳሉ። በየሌቭሉ የመንቀሳቀሻው ዕድል የተቆጠረ ነው። ዕድሉ ሳይሳካ ካለቀ አንድ ልብ ይቀነሳል። ልብ ሁሉ ሲያልቅ ወይ መጠበቅ ነው፣ ወይ መክፈል።

ይህን መንገድ ዓለም ሁሉ ያወቀው ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ስልክ ላይ በወጣው «ካንዲ ክራሽ ሳጋ» ነው። እዚያ አምስት ልብ አለ፤ አንዱ ለመሙላት 30 ደቂቃ ይፈጃል። አምስቱ እስኪሞሉ ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ይህን በነጻ የሚወርድ ጨዋታ የሠራው ኪንግ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 የተሸጠው በ5.9 ቢሊዮን ዶላር ነው። እንግዲህ ይጠይቁ፤ ማንም ሳይከፍል የሚያወርደው ነገር ይህን ያህል ገንዘብ እንዴት አወጣ?

ሰፈር ያለውን ጆተኒ ያስቡ። ሒሳቡን ከፍለው ይጀምራሉ፣ ኳሱ ሲያልቅ ዞር ብለው ለተረኛ ይለቃሉ። ገበጣም ጠጠሩ አልቆ አሸናፊው ይለያል። የስልኩ ጨዋታ ግን ማለቂያ የለውም፤ አንዱን ሌቭል ሲያልፉ ሌላው ይጠብቅዎታል። ዋጋውን የሚጠይቅዎትም በመግቢያው ላይ ሳይሆን መሃል ላይ፣ ልብዎ ሲንጠለጠል ነው።

ይህ መንጠልጠል ተጠንቷል። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ሰዎችን ካንዲ ክራሽ እያጫወቱ የልብ ምታቸውንና የቆዳቸውን ላብ ለክተዋል። ለጥቂት ያመለጣቸው ሽንፈት ከሌላው ሽንፈት ሁሉ ይበልጥ አበሳጫቸው። የሚገርመው ግን «ልድገመው» የሚለው ጉጉት የበረታውም በዚያው ጊዜ መሆኑ ነው። የእህቴ ልጅ «አንድ ብቻ ቀርቶኝ ነበር እኮ!» ስትል ፊቷ የሚቀላው ለዚህ ነው። እኔም አውቀዋለሁ። ከአያት በባቡር ስመጣ «ይቺን ብቻ ልጨርስ» እያልኩ መገናኛን አልፌ ሌም ሆቴል ወርጃለሁ። ስለዚህ ልጁን «ሱሰኛ» ብሎ መስደብ ጥቅም የለውም፤ በደንብ ታስቦበት የተሠራ ነገር ፊት የቆመ ሕፃን ነው።

በእኛ አገር አብዛኛው ተጫዋች በዶላር አይከፍልም። የሚከፍለው በሰዓቱና በዳታው ነው። «ማስታወቂያ ካየህ ትጨምራለህ» የሚል ጨዋታ ሁሉ ቪዲዮውን የሚያሳየው እናት በሞላችው ፓኬጅ ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ያለ ዳታም ስለሚሠሩ ስልኩን ከመስጠትዎ በፊት ዳታውን ያጥፉ።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ እንዲያዩ እለምንዎታለሁ። ስልኩ ከውጭ የተላከ ከሆነ የአክስት ወይም የአጎት አካውንት፣ ከነባንክ ካርዱ፣ ውስጡ ሊኖር ይችላል። ያኔ ልጁ አንድ ጊዜ ሲነካ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ነገሩ ትንሽ አይደለም፤ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ ለፈጸሙት ግዢ አፕል ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን፣ ጉግል ደግሞ ቢያንስ 19 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞች ለመመለስ እ.ኤ.አ. በ2014 ከአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ጋር ተስማምተዋል። አካውንቱን በራስዎ አካውንት ይቀይሩ፤ በፕሌይ ስቶር ቅንብር ውስጥም ለእያንዳንዱ ግዢ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ ያድርጉ። ከጨዋታው የሚመጣውን «ልብህ ሞልቷል» የሚል መልእክትም ይዝጉት፤ ልጁን ከጥናቱ ላይ የሚያስነሳው እሱ ነው።

ከዚያ የሚቀረው ማብቂያ ማበጀት ነው። «ሠላሳ ደቂቃ ብቻ» የሚለው ሕግ በእኛ ቤት አልሠራም። ደቂቃው ሲሞላ ልጅቷ ሌቭሉ መሃል ላይ ስለምትሆን መንጠቅ ይሆናል፣ ለቅሶ ይከተላል። ልብ መቁጠር ይሻላል፤ ልብ ሲያልቅ ጨዋታው ራሱ ያቆማል።

ያን እሁድ ተያይዘን ዳገቱን ወጣን። በምኒልክ ዘመን ተተክሎ ዛሬ እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ሥር ጠንካራ፣ አዝራር የመሰለ ፍሬው እንደ ጠጠር ተበትኗል። አምስት ፍሬ አስለቀምኳት። «ከዛሬ ጀምሮ ልብሽ እነዚህ ናቸው» አልኳት። አንድ ልብ ባለቀ ቁጥር አንዷን ፍሬ ለእናቷ ትሰጣለች። አምስተኛዋ ስትሰጥ ስልኩም አብሮ ይሰጣል፤ ስልኩ ላይ ልብ ቢሞላም ባይሞላም፣ ፍሬዎቹ የሚመለሱት በማግስቱ ነው።

በሁለተኛው ቀን ስድስተኛ ፍሬ ከኪሷ ተገኘ። እናቷ አልተቆጣችም፤ ፍሬዋን ተቀብላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠቻት። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ልጅቷ ደወለችልኝ፦ «አጎቴ፣ ዛሬ ሦስቱን ብቻ ነው የተጫወትኩት። ሁለቱን ለእሁድ ባስቀምጣቸው ይቻላል?»

ይቻላል አልኳት።